ሞዴሉን በሉህ ልክ አትቁረጡት፦ የረጃጅም መስመር ፕሮጀክቶች የፋይል አደረጃጀት

የመንገድ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የውሃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ፕሮጀክት ከሕንፃ የሚለየው ረጅምና ቀጭን በመሆኑ ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት ለውጥ የሚዛመትበት መንገድ ነው። ሕንፃ ውስጥ አንድ ግድግዳ ቢነሳ ጣጣው ባብዛኛው እዚያው አካባቢ ይቀራል። በ60 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ግን 12ኛው ኪሎ ሜትር አጠገብ አንድ ኩርባ ተስተካክሎ መስመሩ በ37 ሜትር ቢረዝም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የ48 ኪሎ ሜትር ስቴሽን (ከመስመሩ መጀመሪያ የሚቆጠር የርቀት አድራሻ) በሙሉ ይገፋል። የክልቨርቱ (ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው መተላለፊያ) አድራሻ፣ የክሮስ ሴክሽኑ (መንገዱ በአግድም ተቆርጦ የሚታይበት ንድፍ) ቁጥር፣ የትራፊክ ምልክቱ ሰንጠረዥ፣ የሉሁ ርዕስ አብረው ይቀየራሉ።

የሥራውን ብዛት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ኤ1 ሉህ 841 በ594 ሚሊ ሜትር ነው። በ1፡1000 ስኬል፣ ለኅዳግና ለታይትል ብሎክ ቦታ ከተተወ በኋላ 700 ሜትር ያህል መንገድ ይይዛል። ስለዚህ 60 ኪሎ ሜትር 86 የፕላንና ፕሮፋይል (ከላይ የሚታየው ንድፍና በመስመሩ ላይ ያለው የከፍታ ንድፍ) ሉሆች ይወጣዋል። በየ20 ሜትሩ ክሮስ ሴክሽን ቢወሰድ 3,001 ይሆናል፤ በአንድ ሉህ 12 ቢቀመጡ ሌላ 251 ሉህ ይጨመራል። የድልድይ፣ የፍሳሽና የምልክት ንድፎች ገና አልተቆጠሩም።

ይህን ብዛት ያየ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው መፍትሔ መስመሩን በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቆርጦ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ መሬቱንም፣ አላይንመንቱንም (የመንገዱን መሃል መስመር)፣ ኮሪደሩንም (በመስመሩ ላይ የሚገነባውን የመንገድ 3ዲ ሞዴል)፣ ሉሆቹንም የያዘ አንድ ፋይል መክፈት ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሥራው ይፈጥናል፤ እያንዳንዱ ዲዛይነር በራሱ ፋይል ይሠራል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ችግሩ አላይንመንቱ አሁን 12 ቅጂ ያለው መሆኑ ነው። ለውጥ ሲመጣ 11ዱ ይታረማሉ፣ አንዱ ይረሳል። የተረሳው የሚታወቀው ደግሞ የአንዱ ፋይል ፕሮፋይል መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ተበላልጦ ሲገኝ ነው፤ ያም ከታደለ ንድፍ ክፍል ውስጥ፣ ካልታደለ ግን ግሬደር ሥራ ከጀመረ በኋላ።

መፍትሔው ሁለቱን ክፍፍሎች መለየት ነው። ሞዴል የሚከፈለው አብሮ በሚለወጠውና በሚሠራው ሰው ልክ ነው፤ ሉህ የሚከፈለው በወረቀት ስፋት ልክ ነው። ሉህ ወደ ሞዴሉ የተከፈተ መስኮት እንጂ የዲዛይን ማከማቻ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ አንድ ውሳኔ ዝርዝር ነው።

ከሁሉ በፊት ኮኦርዲኔት

ፎልደር ከመከፈቱ በፊት መወሰን ያለበት የኮኦርዲኔት ሥርዓቱ ነው። ኋላ ላይ የሚታረም ከሆነ ሁሉም ፋይል ይነካል፤ ከሁሉም ስህተት ውዱ ይህ ነው።

አብዛኛው የቅየሳ መረጃ የሚመጣው በዩቲኤም (ዓለምን በዞኖች በሚከፍለው የካርታ ኮኦርዲኔት ሥርዓት) ነው። ዩቲኤም በዞኑ ማዕከላዊ ሜሪዲያን ላይ 0.9996 የስኬል ፋክተር አለው፤ 1 ኪሎ ሜትር በካርታው ላይ 999.6 ሜትር ሆኖ ይነበባል ማለት ነው። በዚህ ላይ የከፍታ ተጽዕኖ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ በሚሠራ ፕሮጀክት በየኪሎ ሜትሩ ሌላ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠፋል። ሁለቱ ሲደመሩ በኪሎ ሜትር 71 ሴንቲ ሜትር፣ በ60 ኪሎ ሜትር ወደ 43 ሜትር ይደርሳሉ። ለአፈር ሥራ መጠን ይህ የማይታይ ሊመስል ይችላል፤ ለ30 ሜትር ተገጣጣሚ የድልድይ አግዳሚ ተሸካሚ (ጊርደር) ግን 2 ሴንቲ ሜትር ነው። በካርታ ኮኦርዲኔት 30 ሜትር ተብሎ የተነደፈ ክፍተት መሬት ላይ 30.02 ሜትር ሆኖ ሲገኝ ፋብሪካው ተሸካሚውን ሠርቶ ጨርሷል።

ትክክለኛው መንገድ ለፕሮጀክቱ አማካይ ከፍታ የተስማማ፣ የካርታ ርቀትና የመሬት ርቀት የሚቀራረቡበት የራሱ ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር ወደ ጠፍጣፋ ካርታ የሚቀይር ስሌት) ማስወሰን ነው። በብሪታንያ ለረጃጅም የባቡር መስመሮች በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የተሠራው ስኔክ ግሪድ መስመሩን ራሱን እየተከተለ ይህን መዛባት ያሳንሳል። አጠር ላለ ፕሮጀክት የአካባቢ ትራንስቨርስ መርኬተር ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘለል፦ የአዲሱ ፕሮጀክሽን መነሻ ቁጥሮች ከዩቲኤም ቁጥሮች ጋር ፈጽሞ እንዳይመሳሰሉ ተደርገው ይመረጡ። ቁጥሮቹ ቢመሳሰሉ አንድ ሰው አንድ ቀን የሁለቱን ነጥቦች አንድ ፋይል ውስጥ ይቀላቅላቸዋል፤ የ40 ሜትር ልዩነትም በርቀት ሲታይ ስህተት አይመስልም። በዚሁ ምክንያት ንድፉን በስኬል ትእዛዝ ማስፋት ወይም ማጥበብ ክልክል መሆን አለበት። ሁለት የሚመሳሰሉ ግን የማይገጥሙ ኮኦርዲኔቶችን የሚፈጥረው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቁጥር ስፋት ነው። የዲዛይን ሶፍትዌሮች የሚያሰሉት በ64 ቢት ነው፣ 15 አኀዝ ያህል በትክክል ይይዛሉ። ብዙ የ3ዲ ማሳያዎችና የማስተላለፊያ ፎርማቶች ግን 32 ቢት ይጠቀማሉ፤ እነሱ የሚይዙት ወደ 7 አኀዝ ነው። ኮኦርዲኔቱ 1 ሚሊዮን ሜትር ሊሞላ ሲቃረብ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው እርከን 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ3 ሚሊዮን ሜትር ላይ 25 ሴንቲ ሜትር። የሐዲድ ጠርዝ ሲጠማዘዝ፣ ገጽታው ሲንቀጠቀጥ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። የሕንፃና የመዋቅር መሞደያ ሶፍትዌሩ ሬቪትም ከውስጣዊ መነሻው ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ጂኦሜትሪ በአግባቡ አያስተናግድም። ስለዚህ እያንዳንዱ ድልድይና ጣቢያ በራሱ ቅርብ መነሻ ይሞደላል፣ ከፕሮጀክቱ ጋር የሚያገናኘው የኮኦርዲኔት ሽግግርም በጽሑፍ ይመዘገባል።

በጫማ የሚለኩ ፕሮጀክቶች አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አላቸው። የአሜሪካ የቅየሳ ጫማና ዓለም አቀፉ ጫማ የሚለያዩት በሚሊዮን 2 ያህል ብቻ ነው፤ ኮኦርዲኔቱ 2 ሚሊዮን ጫማ ሲሆን ግን ልዩነቱ 4 ጫማ ይሆናል። የቅየሳ ጫማ በ2022 መጨረሻ ከይፋ አገልግሎት ወጥቷል፤ አሮጌ ፋይሎች ውስጥ ግን ገና ለረጅም ዓመታት ይገኛል።

ይህ ሁሉ አንድ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፦ የፕሮጀክሽኑ ስም፣ የኢፒኤስጂ ኮድ (የኮኦርዲኔት ሥርዓቶች ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ካለው ኮዱ፣ የከፍታ መነሻው፣ መለኪያ አሃዱ፣ እንዲሁም በመስመሩ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ የተተከሉ የቅየሳ ነጥቦች። ማንኛውም አዲስ ፋይል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ፋይል ያያይዛል፤ ነጥቦቹን የሚያመለክቱት መስቀሎች ካልተገጣጠሙ ሥራ አይጀመርም።

እያንዳንዱ መረጃ አንድ ቤት አለው

ቀጥሎ የሚመጣው የሞዴል ክፍፍል ነው። ቅደም ተከተሉ የዲዛይኑን ጥገኝነት ይከተላል፦ መሬት፣ አላይንመንትና ፕሮፋይል፣ ኮሪደር፣ ከዚያ መዋቅርና ፍሳሽ፣ በመጨረሻ ሉህ። እያንዳንዱ ከበላዩ ካለው ያነባል፤ ወደ ኋላ የሚያነብ ግን የለም።

የነባሩ መሬት ሞዴል በሰሌዳ ይከፈላል። ምክንያቱ የነጥብ ብዛት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በ300 ሜትር ስፋት ላይ የተሰበሰበ የሌዘር ቅየሳ በካሬ ሜትር 8 ነጥብ ካለው 144 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። ይህን ሁሉ ወደ ሦስት ማዕዘን ሰርፌስ የሚቀይር ሰው ኮምፒውተሩን ያንበረክካል እንጂ የተሻለ ዲዛይን አያገኝም። ነጥቦቹ ይሳሳሉ፣ በምትኩ የመንገድ ጠርዝ፣ የቦይ ግርጌና የገደል አፍ እንደ ብሬክላይን (ሦስት ማዕዘኖች የማያቋርጡት የመሬት ስብራት መስመር) ይቀመጣሉ። ሰሌዳዎቹ ቢያንስ 100 ሜትር ይደራረቡ። ጫፍ ላይ ያሉ ሦስት ማዕዘኖች ረጃጅምና ሐሰተኛ ስለሚሆኑ የሚታመነው የሰሌዳው ውስጠኛ ክፍል ነው።

አላይንመንቱ አይቆረጥም። ዋናው መስመር፣ ፕሮፋይሉና ሱፐርኤሌቬሽኑ (በኩርባ ላይ ያለው የመንገዱ የጎን ዘንበል) ከ0+000 (ኪሎ ሜትር + ሜትር) እስከ መጨረሻው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ባለቤት እጅ ይሁኑ። ፋይሉ መስመርና ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ ቀላል ነው፤ 60 ኪሎ ሜትርም ቢሆን አይከብድም። ለመቁረጥ የሚቀርበው ሰበብ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊያርመው አይችልም የሚል ነው። በእኛ ግምት ይህ ጉድለት ሳይሆን መከላከያ ነው። አላይንመንትን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊያርመው አይገባም።

የሚቆረጠው ኮሪደሩ ነው፤ ክብደቱም ያለው እዚያ ነው። ለተራ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ለአንድ ፋይል ይመቻል። ውስብስብ መጋጠሚያ ካለ መጋጠሚያው ብቻውን ፋይል ይሁን። መቁረጫው ቦታ ክብ ቁጥር ስለሆነ ብቻ አይመረጥም። መስመሩ ቀጥ ያለበት፣ ቁልቁለቱ የማይለዋወጥበት፣ ሱፐርኤሌቬሽን የማይሸጋገርበት፣ መንገዱ የማይሰፋበትና ድልድይም መጋጠሚያም የሌለበት ቦታ ይፈለግ። 5+000 በኩርባ መካከል ከዋለ መቁረጫው 5+260 ይሁን። መሬቱ እንዲደራረብ ብንልም ኮሪደሮቹ ግን በፍጹም አይደራረቡም። አንዱ ባለቀበት ስቴሽን ሌላው ይጀምራል፤ 10 ሜትር ቢደራረቡ የ10 ሜትር አስፋልት ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

ድልድይና ኮሪደር የሚገናኙበት ቦታ የብዙ ጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ኮሪደሩ የሚቆመው ከድልድዩ ጫፍ ግድግዳ ኋላ ነው ወይስ ከመዳረሻ ስላቡ መጨረሻ? የስላቡ ባለቤት ማን ነው? ከሥሩ ያለውን የተመረጠ ሙሌት የሚቆጥረው ማን ነው? መልሱ ከየትኛውም ወገን ቢሆን ችግር የለውም፤ ያልተጻፈ ከሆነ ግን መጠኑ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ወይም ጭራሹን ይቀራል። ለእያንዳንዱ ድልድይ ሁለት ስቴሽን የያዘ የድንበር ሰንጠረዥ መያዝ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የኮሪደሩ የናሙና ርቀትም ከአደረጃጀት ጋር የተያያዘ ነው። ሶፍትዌሩ በሁለት ናሙናዎች መካከል በቀጥታ መስመር ስለሚያገናኝ በኩርባ ላይ ከእውነተኛው ቅስት ይርቃል። ራዲየሱ 200 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በየ25 ሜትሩ ናሙና ቢወሰድ ርቀቱ 39 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በየ10 ሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በየ5 ሜትሩ 1.6 ሴንቲ ሜትር። ለመጀመሪያ ደረጃ ጥናት 25 ሜትር ይበቃል፤ ለግንባታ ማሽን የሚሄድ ሰርፌስ ግን ከ5 ሜትር በታች መሆን አለበት። ሁለቱን ለማስታረቅ ሁለት ኮሪደር አይገነባም፤ ያው ኮሪደር ከመላኩ በፊት ናሙናው እንዲቀራረብ ይደረጋል።

ማያያዝ እንጂ መቅዳት የለም

ይህ ሁሉ የሚቆመው ፋይሎቹ እርስ በርስ በሚያያዙበት ገመድ ነው። በሲቪል 3ዲ (በኦቶካድ ላይ የተገነባ የመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌር) ውስጥ ሰርፌስ፣ አላይንመንት፣ ፕሮፋይል፣ የቧንቧ መረብና ኮሪደር በዳታ ሾርትከት ይጋራሉ። ሾርትከቱ ራሱ ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ ውስጡ ያለው የምንጩ አድራሻ ነው። ስለዚህ ምንጩ ሲሰየም ወይም ሲዛወር ገመዱ ይበጠሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ፕሮሞት የሚባለው ትእዛዝ ነው። የተጋራውን አላይንመንት ወደ አካባቢያዊ ቅጂ ይቀይረዋል፤ ማስጠንቀቂያውን ተቸኩሎ ያለፈ ሰው ሳያስበው ሁለተኛ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው ቢለወጥ የእሱ ፋይል አይሰማም። በየሳምንቱ የትኛው ፋይል ውስጥ ያልተጋራ አላይንመንት እንዳለ መፈተሽ ይህን በጊዜ ይይዛል።

ጂኦሜትሪን ለማየት ብቻ የሚያያዙ የኦቶካድ ፋይሎች በኦቨርሌይ ይያያዙ፣ በአታች አይሁን። አታች የተያያዘውን ፋይል ከነልጆቹ ይዞ ይመጣል፤ የፍሳሹ ፋይል መንገዱን ይዞ፣ መንገዱ ፍሳሹን ይዞ ሲገኝ ክብ ትስስር ይፈጠራል፤ አንዱ ንድፍም ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ይታያል። አድራሻው አንጻራዊ ይሁን፤ በሙሉ አድራሻ የተያያዘ ፋይል የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። የፎልደሩ ጥልቀትም ገደብ አለው። በዊንዶውስ ላይ ብዙ ሶፍትዌሮች ከ260 ፊደል የሚረዝም አድራሻ አይቀበሉም፤ ስምንት ደረጃ የገባ ፎልደርና ረጅም ስም ሲገናኙ ፋይሉ ያለ እስኪመስል ድረስ ይታያል፣ ግን አይከፈትም።

በሌላው የመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌር፣ በኦፕንሮድስ ዲዛይነር፣ ሐሳቡ ያው ነው፣ አሠራሩ ይለያል። የዲዛይን ሕጎቹ በዲጂኤን ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሌሎች በሪፈረንስ ያነቧቸዋል። መሬት፣ ጂኦሜትሪ፣ ሱፐርኤሌቬሽንና ኮሪደር በየራሳቸው ፋይል ይቀመጡ። የነባሩ መሬት ፋይል ተያይዞ ገቢር ካልተደረገ ፕሮፋይሉ መሬት አያሳይም። የትስስር ጥልቀቱ ዜሮ ሆኖ የሚያስፈልገው በግልጽ ይያያዝ፤ ጥልቀቱን ከፍ አድርጎ ሁሉም በራሱ እንዲመጣ መተው መጀመሪያ ምቾት ነው፣ በሦስተኛው ወር ግን አንድ ፋይል ለመክፈት ቡና የሚያስጠጣ ጊዜ ይወስዳል።

ስቴሽን አድራሻ እንጂ ስም አይደለም

በመግቢያው ላይ ወደተነሣው የ37 ሜትር ለውጥ እንመለስ። ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ስቴሽኑን እንዳለ መግፋት ነው። ሌላው የስቴሽን እኩልታ ማስገባት ነው፦ ከኋላ የመጣው 12+537 ከፊት 12+500 ተብሎ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የነበረውን ቁጥር ይይዛል። ዋጋው ግን አለ። ከ12+500 እስከ 12+537 ያሉት ቁጥሮች አሁን በመሬት ላይ ሁለት ቦታ አላቸው። በሠንጠረዥ ፕሮግራም ከ20+000 ላይ 10+000 የቀነሰ ሰው 10,000 ሜትር ያገኛል፤ እውነተኛው ርዝመት 10,037 ነው። ሶፍትዌሮቹ በውስጣቸው ያልተሰበረውን ርዝመት ስለሚይዙ ስሌት ሁሉ ከዚያ ይወሰድ፤ በሉህ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ክፍሉን የሚለይ ምልክት ይጨመርበት።

የቱ ይሻላል? ንድፉ ገና በውስጥ እየተሠራ ከሆነ እኩልታ አያስፈልግም፤ ስቴሽኑ ይገፋ። የመሬት ካሳ ሰነድ ከወጣ ወይም ውል ከተፈረመ በኋላ ግን ስቴሽኑ በብዙ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፣ መንካቱ የባሰ ግራ መጋባት ያመጣል። ያን ጊዜ እኩልታው ትክክለኛ መሣሪያ ነው።

ከሁለቱም ጋር የሚሄድ ሕግ አለ። ክልቨርት፣ ምልክት፣ ምሰሶ ወይም ቫልቭ በስቴሽኑ አይሰየም። ክልቨርት 140 ይባል፣ ቀጣዩ 150፤ በመካከል አዲስ ቢጨመር 145 ይሆናል። ስቴሽኑ ከአላይንመንቱ የሚሰላ ባሕርይ ሆኖ ይቀመጣል። መስመሩ ቢገፋ ቁጥሩ በራሱ ይታደሳል፣ ስሙ ግን በስሌቱም፣ በንድፉም፣ በክፍያ ሰነዱም አንድ ሆኖ ይኖራል።

ሉሆቹ

የሉህ ፋይል ውስጥ መኖር ያለበት ታይትል ብሎክና የዕይታ መስኮቶች ብቻ ነው። በሉህ ላይ የተሳለ የመንገድ ጠርዝ፣ በእጅ የተጻፈ የስቴሽን ቁጥር ወይም የተገለበጠ ሠንጠረዥ ሲለወጥ የሚያስታውሰው የለም። ጽሑፉ ከሞዴሉ የሚነበብ ሌብል ሆኖ በሞዴሉና በሉሁ መካከል ባለ የፕላን ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ በዚያ ፋይል ላይ የሚሠራው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ዲዛይን አይሠራም።

የሉህ ክፈፎቹ ሁሉ በአንድ ፋይል፣ በዋናው አላይንመንት ላይ ይደረደሩ። ሁሉም ዘርፎች ያንኑ ክፈፍ ይጠቀሙ፤ የመንገዱ ሉህ 34 እና የፍሳሹ ሉህ 34 አንድ ቦታ ካላሳዩ በግንባታ ቦታ ላይ የሚያነባቸው መሐንዲስ ቀኑን ሲያገላብጥ ይውላል። ክፈፎቹ እኩል ርዝመት ይኑራቸው የሚለው ምኞት ግን ኩርባ ላይ አይሠራም። ራዲየሱ 400 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ 700 ሜትር መንገድ በመካከሉ 144 ሜትር ይጎብጣል፤ በ1፡1000 ስኬል በወረቀቱ ላይ 14.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ይዞታ ሲጨመርበት ከፕላኑ መስኮት ይወጣል። እዚያ ክፈፉ ወደ 400 ሜትር ያጥር። የመገጣጠሚያ መስመሩም ድልድይ ወይም መጋጠሚያ እንዳይከፍል ጥቂት ሜትር ይሸሽ።

መንገዱ በሉሁ ላይ አግድም እንዲታይ የሚዞረው ዕይታው ነው፤ ሞዴሉ በጭራሽ አይዞርም። አንድ ዲዛይነር ለምቾቱ ሞዴሉን አዙሮ ካስቀመጠ ከዚያ ፋይል የሚወጣ ኮኦርዲኔት ሁሉ ሐሰት ነው፤ ቀያሹም ይህን የሚያውቀው ችካል ከተከለ በኋላ ነው።

የሉህ ቁጥርን በተመለከተ ቁጥሩ መለያ እንጂ ተራ አይደለም። ፕላንና ፕሮፋይል ከ1001፣ ክሮስ ሴክሽን ከ2001፣ መዋቅር ከ3001 ቢጀምር እያንዳንዱ የማደጊያ ቦታ አለው። በመካከል አዲስ ሉህ ቢገባ ቀጣዩን ያልተያዘ ቁጥር ይውሰድ፤ የንባብ ቅደም ተከተሉን ማውጫው ያሳያል። ተጨማሪ አንድ ሉህ ስለገባ 50 ሉህ ቁጥሩ ከተቀየረ፣ በደብዳቤና በስብሰባ ቃለ ጉባኤ የተጠቀሱት ቁጥሮች ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማሉ።

መጋራትና መረካከብ

በ2018 የወጣው የግንባታ መረጃ አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 19650፣ መረጃን በአራት ሁኔታ ይከፍለዋል፦ በሥራ ላይ ያለ፣ የተጋራ፣ የታተመና የተመዘገበ። ለመስመር ፕሮጀክት ከሁሉ የሚጠቅመው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልዩነት ነው። የፍሳሽ ዲዛይነሩ የሚያያይዘው መንገዱን የሚሠራው ሰው አሁን እየነካካው ያለውን ፋይል ሳይሆን ባለፈው ረቡዕ የተጋራውን ቅጂ ነው። ሕያው ፋይል የሚያያይዝ ቡድን የፍሳሽ ስሌቱን የሚያደርገው ግማሽ በተገፋ ፕሮፋይል ላይ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ማጋራት፣ ከእሱም ጋር ከየትኛው ስቴሽን እስከ የትኛው ስቴሽን ምን እንደተለወጠ የሚናገር አጭር ማስታወሻ ማያያዝ ይበቃል።

የዚሁ ደረጃ የብሪታንያ አባሪ ለፋይል ስም ያስቀመጣቸው መስኮች የፕሮጀክት፣ የድርጅት፣ የተግባር ክፍል፣ የቦታ ክፍል፣ የሰነድ ዓይነት፣ የሙያ ዘርፍና ቁጥር ናቸው። ለሕንፃ የቦታ ክፍሉ ፎቅ ነው፤ ለመንገድ ፎቅ ስለሌለ መስኩን የኮሪደር ክፍል ቁጥር ይይዘዋል። ስቴሽን እዚያ አይገባም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ሪቪዥንና ቀንም በስሙ ውስጥ አይገቡም። ስሙ በየእትሙ የሚለወጥ ፋይል ያያያዙትን ሁሉ በየእትሙ ያስበጥሳል። እትሙን የሚይዘው የሰነድ ማስተዳደሪያው ነው። ፋይሎችን ዝም ብሎ የሚያመሳስል የደመና ፎልደር ይህን ሥራ አይሠራም፤ የአንዱ ሰው መቆለፊያ ወደ ሌላው ስለማይደርስ ሁለቱ ከፍተው ያስቀምጡና ሁለት ቅጂ ይወጣል።

ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ሲተላለፍ ላንድኤክስኤምኤል ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ 1.2 የተባለው እትሙ ከ2008 ጀምሮ አለ። ነጥቦችን የሚጽፈው መጀመሪያ ሰሜን፣ ቀጥሎ ምሥራቅ ብሎ ስለሆነ በራስ ፕሮግራም የሚያነብ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢገለብጥ መንገዱ ሌላ አገር ይሄዳል። አዲሱ አማራጭ አይኤፍሲ 4.3 ነው፤ በ2024 አይኤስኦ 16739 ክፍል 1 ሆኖ ጸድቋል። ቀደምቶቹ እትሞች በሕንፃ ዙሪያ የተገነቡ ነበሩ፤ ይህ ግን አላይንመንትን፣ መንገድን፣ ሐዲድንና ድልድይን በስማቸው ያውቃል፣ ዕቃንም በመስመር ላይ ባለው ርቀት ያስቀምጣል። በየትኛውም ፎርማት ቢላክ ተቀባዩ ሦስት ነገር ይፈትሽ፦ የመስመሩን ጠቅላላ ርዝመት፣ በመላው መስመር በተበተኑ 20 ስቴሽኖች ላይ ያለውን ከፍታ፣ የሰርፌሱን ስፋት። የሽግግር ኩርባ ዓይነትን የማያውቅ ሶፍትዌር በሌላ ቅርጽ ሲተካው ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው በርዝመቱ ላይ ነው።

በመሬት ውስጥ ያሉ ነባር መስመሮች ሲሞደሉ ጥራታቸው አብሮ ይመዝገብ። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ኤኤስሲኢ 38-22 ከዲ እስከ ኤ ይከፍላቸዋል፦ ዲ ከወረቀት የተገኘ፣ ሲ በገጽ ላይ በሚታይ ምልክት የተደገፈ፣ ቢ በመሣሪያ የተፈለገ፣ ኤ ተቆፍሮ የታየ። ይህ ባሕርይ ከሌለ ከ40 ዓመት በፊት በግምት የተሳለ ቧንቧ በሞዴሉ ውስጥ ተቆፍሮ ከተለካው እኩል ይታመናል፤ የግጭት ምርመራውም በሌለ ቦታ ግጭት እያሳየ እውነተኛውን ይደብቃል። ዲ ለሆኑት ሰፊ ቀጠና ይሳልላቸው እንጂ ትክክለኛ ሲሊንደር አይሁኑ።

በመጨረሻ ርክክቡ። የሚቀመጠው ጥቅል ሦስት ነገር ይይዛል፦ የተፈረመው ፒዲኤፍ፣ ዋናዎቹ ፋይሎች ከነማያያዣዎቻቸው፣ እንዲሁም ከአንድ ሶፍትዌር ያልተጣበቀ የአይኤፍሲ ወይም የላንድኤክስኤምኤል ቅጂ። ጥቅሉ ከመፈረሙ በፊት ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ባልተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት። የመጀመሪያው፣ የመካከለኛውና የመጨረሻው ሉህ ተከፍተው አንድም የጠፋ ሪፈረንስ ካልታየ፣ የመቆጣጠሪያ ፋይሉ መስቀሎችም ከኮሪደሩ ጋር ከገጠሙ ጥቅሉ ሙሉ ነው። ከሦስቱ ሉሆች አንዱ ካልተከፈተ የጎደለው ፋይል ተፈልጎ ይገባል፣ ሙከራውም ከመጀመሪያው ይደገማል።